0-1 ምንድን ነው? ጥቁር ሲያሸንፍ

በቼዝ ጨዋታ መዝገብ መጨረሻ ላይ 0-1 ካያችሁ ጥቁር አሸነፈ ማለት ነው። የነጭ ውጤት ሁሌም ይቀድማል፤ ይኼው ነው።

ግን 0-1 ከ1-0 ትንሽ ይከብዳል። ነጭ ይጀምራላ! ልዩነቱ ያቺ አንድ ተራ ብቻ ናት፤ ጎበዝ ተጫዋች እጅ ስትገባ ግን ቀላል አይደለችም። በትልልቅ ውድድሮች በጥቁር አቻ መውጣት ብዙ ጊዜ አያስከፋም። አርማጌዶን በሚባለው የመለያያ ጨዋታማ ጥቁር አቻ ከወጣ እንዳሸነፈ ይቆጠርለታል፣ ነጭ ደግሞ በምትኩ ብዙ ሰዓት ይሰጠዋል።

ታዲያ ጥቁር በምን ያሸንፋል? አንደኛው መንገድ ነጭ ያቺን ተራ ሲያባክናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኒውዮርክ ላይ ዶናልድ በርን በነጭ፣ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር በጥቁር ተጫወቱ። በርን ንጉሡ ገና መሀል ላይ እያለ፣ ካስል ለማድረግ (ንጉሡን ከሩክ ጋር አንቀሳቅሶ ወደ ዳር ለመከለል) መዘጋጀቱን ትቶ፣ በ11ኛው እርምጃ ቀድሞ ያወጣውን ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደውን ጠጠር) እንደገና አንቀሳቀሰው። ፊሸር ወዲያው ፈረሱን ዳር ወስዶ የነጭ ፈረስ አፍ ውስጥ አስቀመጠው። በርን አልበላውም፤ ቢበላው ጣጣ ነበረው።

17ኛው እርምጃ ላይ ደግሞ ልጁ ንግሥቱን ለመበላት ትቶ ቢሾፑን ወደ ኋላ መለሰ። በርን ንግሥቷን በላ። ከዚያማ ፊሸር በቢሾፕና በፈረስ እየተቀባበለ ንጉሡን ደጋግሞ እያጠቃ ቼክ በቼክ አደረገው፣ የነጭ ንጉሥ ሁለት ቤት መሀል ወዲያ ወዲህ ሲል ጥቁር የሚለቅመውን ለቀመ፤ በንግሥቷ ፋንታ አንድ ሩክ፣ ሁለት ቢሾፕና አንድ ወታደር እጁ ገቡ። በርን ንግሥቷን ትቶ ቢሾፑን ቢበላስ? ያኔም በፈረስ ማት (ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ የሚያጣበት) ነበረ። ጨዋታው በ41ኛው እርምጃ በማት አለቀ። «የክፍለ ዘመኑ ጨዋታ» ይሉታል፤ ስሙ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል፣ ጨዋታው ግን እውነትም ድንቅ ነው።

ሌላው መንገድ ነጭ የግድ ማሸነፍ ሲኖርበት የሚከፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 24ኛ ጨዋታ የወቅቱ ሻምፒዮን ካርፖቭ ነጭ ነበር፤ ዘውዱን ለማቆየት ማሸነፍ ነበረበት። ለተፎካካሪው ለካስፓሮቭ አቻ ይበቃዋል። እሱ ግን ሲሲሊያንን መረጠ፣ ይኼ መክፈቻ ከጅምሩ ሁለቱን ወገን የማያመሳስል ስለሆነ ጥቁርም የማሸነፍ ዕድል አለው። ካርፖቭ ለጥቃት ወጣ፣ ካስፓሮቭ መለሰ፣ 0-1። በ22 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።