አፍ ስላኮማተረ መድኃኒት ነው?

ፋርማሲ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ስለ ዕፅዋት መድኃኒት የማይነገረው የለም። እኔን ያንገሸገሸኝ ግን አንድ ነው፦ «ቃጠሎ ላይ የተፈላ የዛፍ ቅርፊት ወይም ወፍራም ሻይ አድርግበት፣ ቆዳውን ያጠብቀዋል።» ያጠብቃል የሚባለው በቅርፊቱና በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። መጀመሪያ ስለ ታኒን የሚባሉትን ትናንሾቹን ላሳልፍ።

«መራራ ሁሉ ታኒን አለው።» የለውም። መምረር ጣዕም ነው። ታኒን የሚያደርገው ምራቅ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ አፍን ማድረቅና ማኮማተር ነው።

«የአይረን ክኒን በሻይ ቢዋጥ ምን አለበት?» አለበት እንጂ። ታኒኑ አይረኑን ስለሚይዘው ሰውነት የሚያገኘው ይቀንሳል። በውኃ ዋጡት፤ ሻዩ ይደርሳል።

«ተቅማጡን ካቆመ አዳነ።» ታኒን ተቅማጥን ሊያረግበው ይችላል። ሰው የሚሞተው ግን በውኃና በጨው እጥረት ነው፤ ለሱ ደግሞ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) አለ። ደም ከታየ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አሁን ወደ ቃጠሎው። ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጥሬ ቆዳን የሚያለፋው ይኸው ታኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኤድዋርድ ዴቪድሰን የተባለ ሐኪም አሜሪካ፣ ዲትሮይት ውስጥ ቃጠሎን የታኒን ዓይነት በሆነው ታኒክ አሲድ ማከም ጀመረ። ቁስሉ ላይ ጠንካራ ቅርፊት ይሠራል፣ ፈሳሹም ይቀንሳል። ዓለም ተቀበለው። ቆይቶ ጉዱ ወጣ። ቅርፊቱ ሥር መግል ይደበቃል። ጣት ላይ ሲሆን እየጠበበ የደም ዝውውር ያንቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠሉ የእንግሊዝ አብራሪዎችን ያክም የነበረው አርችባልድ ማኪንዶ አጥብቆ ተቃወመው። በ1940ዎቹ ደግሞ በቁስሉ በኩል ወደ ደም ገብቶ ጉበት እንደሚጎዳ ታወቀ፤ ሕክምናው ተተወ።

ይህን ስነግራቸው «ያ ኬሚካል ነው፣ ይሄ ተፈጥሮ ነው» ይሉኛል። ወይ ጉድ! ታኒክ አሲድ የሚወጣውም ከዕፅዋት ነው። ደግሞ እነዚያ ሐኪሞች ቢያንስ መጠኑን ያውቁ ነበር። ድስት ውስጥ የተፈላው ግን መጠኑም ንጽሕናውም አይታወቅም። አንዲት እናት የልጇን እጅ በሻይ ቅጠል ለብጣ መጥታ ነበር። ቅጠሉ ከቁስሉ ላይ እስኪለቀም ልጁ ያለቀሰው ለቅሶ ከቃጠሎው የባሰ ነበር።

ስትቃጠሉ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ። ቦታውን ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ሥር ያዙት። በረዶ አይሆንም። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ወይም ከመዳፋችሁ ከሰፋ፣ ምንም ሳትቀቡ ወደ ሐኪም።