ፍሬ የሚበላ ወፍ ሁሉ ዘር አይዘራም

«ፍሬ በል ርግብ» ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው «እንግዲህ ዘሩን በየቦታው እየጣለች ጫካ ታበቅላለች» ይላል። ነገሩ እንደየርግቧ ይለያያል።

ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ያሉት ሾላና ዋርካዎች ፍሬ ሲይዙ ቀና ብላችሁ እዩ። ከቅጠሉ ጋር ተመሳስላ የምትጠፋ አረንጓዴ ርግብ አለች። ሆዷ ደማቅ ቢጫ ነው፣ ትከሻዋ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ጣል ተደርጎባታል። ጫፍ ላይ ያለች ፍሬ ካየች ቁልቁል ተዘቅዝቃም ቢሆን ትለቅማታለች። ስታምር!

ግን ጎበዝ ዘሪ አይደለችም። ወፍ ጥርስ የለውም፤ ምግቡን የሚያደቀው በጡንቻማው ጨጓራው ነው። የአረንጓዴ ርግቦች ጨጓራ ደግሞ በጣም ጠንካራ ነው፤ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። የሾላ ዘር ደቃቅ ቢሆንም አብዛኛው እዚያው ደቅቆ ይቀራል። ርግቧ የምትጠቀመው ከሥጋውም ከዘሩም ነው ማለት ነው።

በእስያና በፓስፊክ ደሴቶች የሚኖሩ ሌሎች ፍሬ በል ርግቦች ግን ሥጋውን ብቻ ፈጭተው ዘሩን እንዳለ ያወጡታል። የኒውዚላንዷ ትልቅ ርግብ ሌሎች ወፎች የማይችሉትን ትልልቅ ፍሬ ሳይቀር ትውጣለች። ስለዚህ እዚያ ብዙ ዛፎች በእሷ ላይ ተደግፈዋል።

ታዲያ የሐዋሳን ሾላ ማን ይዘራል? ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመው ያ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ አንዱ ነው። ፍሬውን ይውጣል፣ ዘሩንም ሳይሰብር ራቅ ብሎ ይጥለዋል። ሌሊት ደግሞ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች አሉ።