ቲን ክላየንትና ቨርቹዋል ዴስክቶፕ፦ ቢሮ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ?

ቲን ክላየንት ከሞኒተሩ ጀርባ ተለጥፎ የሚውል ትንሽ ሳጥን ነው። አብዛኞቹ ማራገቢያ የላቸውም፣ ድምፅ አይሰማባቸውም። ሠራተኛው የሚያየው ዊንዶውስ ግን እዚያ ሳጥን ውስጥ የለም። ሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነው የሚሠራው፤ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ የሚባለው ይኸው ነው። ሳጥኑ ኪቦርዱና ማውሱ ላይ የተደረገውን ወደዚያ ይልካል፣ የስክሪኑን ምስል ይቀበላል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሲትሪክስ የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ የቀድሞው የአይቢኤም ሰው ኤድ ያኮቡቺ እ.ኤ.አ. በ1989 መሠረተ፣ ብዙ ሰው አንድ ሰርቨር ላይ እንዲሠራ የሚያደርገው ዊንፍሬም የተባለው ምርቱ በ1995 ወጣ። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ1998 በዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ኤዲሽን ገባበት፤ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው አርዲፒም (ሰርቨሩን ከሩቅ ለመጠቀም የሚያገለግለው የግንኙነት ሥርዓት) የመጣው ያኔ ነው። በሳጥን ሥራ ስሙ የገነነው ዋይስ ነበር፣ ዴል በ2012 ገዛው።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው እየገባ የሚጋራው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን አንዱ ሠራተኛ ከባድ ፕሮግራም ሲከፍት የሌላውም ይንቀራፈፋል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) የሚሰጥበት ነው፣ ቪዲአይ የሚባለው። በዚህኛው ብዙ ቦታ የሚደረገው አንድ ዋና ኢሜጅ (ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ የተጫኑበት ቅጂ) አዘጋጅቶ ሁሉንም ዴስክቶፕ ከእሱ ማባዛት ነው። ሠራተኛው ሎግ አውት ሲያደርግ ማሽኑ ወደ ንጹሑ ኢሜጅ ይመለሳል። ለአይቲ ክፍሉ ሰርግና ምላሽ ነው። ዴስክቶፑ ላይ የግማሽ ቀን ሪፖርት ላስቀመጠች የሒሳብ ሠራተኛ ግን መርዶ ነው፣ በማግስቱ ስትገባ ፋይሉ የለማ! ስለዚህ የሠራተኛው ፋይልና ሴቲንግ ለብቻው፣ ሰርቨር ላይ ባለ የፕሮፋይል ዲስክ መቀመጥ አለበት። ማይክሮሶፍት በ2018 የገዛው ኤፍኤስሎጂክስ ለዚህ የሚሆን ነው።

ወደ ግንኙነቱ እንምጣ። ሳጥኑ ሲበራ ከዲኤችሲፒ (የኔትወርክ አድራሻ ከሚያድለው አገልግሎት) አይፒ የሚባለውን አድራሻ ይቀበላል፤ በደንብ ከተዋቀረ የአስተዳደር ሰርቨሩን አድራሻም እዚያው ያገኛል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ሄዶ መሙላት አያስፈልግም። ከዚያ ብሮከር ወደሚባለው ሰርቨር ይሄዳል። ብሮከሩ ፓስወርዱን ያጣራል፣ የትኛው ማሽን ነጻ እንደሆነ ያያል፣ ያገናኛል። አርዲፒ በፖርት (በኔትወርክ በር) 3389፣ ሲትሪክስ በ1494 እና በ2598፣ ሆራይዘን የተባለው ሌላ የቪዲአይ ምርት የሚጠቀምበት ብላስት ብዙ ጊዜ በ8443 ያልፋሉ፤ ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ ዘበኛ) ካልከፈታቸው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ መቅረት ነው። ከቢሮ ውጭ ለሚሠራ ሰው ግን 3389ን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መተው ሌባን በር ከፍቶ መጥራት ነው፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም) የሚያሰራጩት ከሚገቡባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ እሱ ነው። በ2019 ብሉኪፕ የተባለው የአርዲፒ ቀዳዳ ሲታወቅ ያ ሁሉ ግርግር የተነሳው ለዚህ ነበር። በጌትዌይ (መሃል ሆኖ በሚያስተላልፍ ሰርቨር) በኩል፣ በፖርት 443፣ ወይም በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግባ።

አንድ የማይጠረጠር ችግር አለ፦ ሰዓት። እናትቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሳጥኑ ቀን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ሰርቨሩ ማንነቱን ለማሳየት የሚያቀርበው ሰርተፍኬት ደግሞ የሚሠራበት ቀን አለው። በሳጥኑ ቆጠራ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም፣ ስለዚህ አልገናኝም ይላል። ሰውየው ኔትወርክ ነው ብሎ ኬብል ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ምንም የለም። መፍትሔው የሰዓት ሰርቨር አድራሻ አብሮ መስጠት ነው። የሰርቨሩንም አድራሻ በአይፒ ሳይሆን በስም ይሙሉ፤ ሰርተፍኬቱ የሚሰጠው በስም ስለሆነ አይፒ ሲያይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ መብራት ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ይጠፋል፣ ሰርቨሩ ጄኔሬተር ወይም በቂ ዩፒኤስ ካለው ግን ሥራው እንዳለ ነው፤ ተመልሰው ሲገቡ ያልጨረሱት ዓረፍተ ነገር ካቆሙበት ይጠብቅዎታል። ሳጥኑ የሚበላው መብራትም ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ዩፒኤስ ያቆየዋል። የሚረሳው የፎቁ ስዊች (ሳጥኖቹን ከኔትወርኩ የሚያገናኘው መሣሪያ) ነው! እሱ ዩፒኤስ ከሌለው ሳጥኑ ቢበራም ዋጋ የለውም። ኔትወርኩ ሲቋረጥም ያው ነው፣ በተራ ኮምፒውተር ቢያንስ ደብዳቤ መጻፍ ይቻል ነበር፣ እዚህ ግን ፎቁ በሙሉ «ሲስተም የለም» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ዋጋው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሳጥኑ ረከሰ ተብሎ ይገዛል፣ ወጪው ግን ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ይጠብቃል፦ ራም፣ ፈጣን ዲስክ፣ መጠባበቂያ ሰርቨር፣ ላይሰንስ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሠራተኛ አንድ ላይ ሲገባ ዲስኩ ነው የሚጨነቀው፤ በድሮው ሃርድ ዲስክ ከሆነ እስከ ሻይ ሰዓት የሚቆይ መጓተት ነው። ክላውድ ላይ ልከራይ ካሉ ደግሞ የአማዞንም የማይክሮሶፍትም የዳታ ማዕከል ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። እንደ ደቡብ አፍሪካ ወይም ኤምሬትስ ያለውን መምረጥ ግድ ነው፣ መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ማውሱ መንፏቀቁ ይታወቃል። ከመግዛትዎ በፊት ከራስዎ ቢሮ መስመር ፒንግ (ይህን ጊዜ የሚለካውን ትእዛዝ) አድርገው ይዩት።

የቪዲዮ ስብሰባ ሌላ ጣጣ ነው። ምስሉ መጀመሪያ ሰርቨር ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ሰርቨሩንም መስመሩንም ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ቪዲዮውን ሳጥኑ ራሱ እንዲከፍተው የሚያደርግ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይጫናል፣ ሳጥኑም እሱን የሚችል መሆን አለበት። እንደ አውቶካድ ላሉ ሥራዎች ሰርቨሩ ላይ ግራፊክስ ካርድ ይፈለጋል። ለአርክቴክት ደህና ኮምፒውተር ገዝቶ መስጠት ይሻላል ባይ ነኝ።

አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዙም ሆነ ኪይማኑ የሚጫነው ዋናው ኢሜጅ ላይ ነው። በአርዲፒ ከሳጥኑ የሚሄደው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ስለሆነ ፊደሉ የሚሠራው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ነው። ፎንቱም ያው፣ ሳጥኑ ላይ አንድም የአማርኛ ፎንት ሳይኖር አማርኛ ያሳያል፣ የሚመጣለት ምስል ነውና።

ላይሰንስን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ ሰርቨሩ የጋራ አሠራር ለ120 ቀን ያለ ላይሰንስ ይሠራል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ምንም የጎደለ አይመስልም። በ121ኛው ቀን ጠዋት ግን ማንም ሠራተኛ አይገባም፣ የሚገቡት ለአስተዳዳሪ የተፈቀዱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።