የሲጋራ ጭስ፣ የአየር ቧንቧ ሴሎችና የመተንፈሻ ቫይረሶች

የአየር ቧንቧ ከአፍንጫ እስከ ሳንባ ቅርንጫፎች ድረስ በቀጭን የሴሎች ሽፋን የተለበጠ ነው። የጉንፋን፣ የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ-19 ቫይረሶች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚህ ሽፋን ላይ ነው፤ የሲጋራ ጭስም እንዲሁ። ቫይረስ የሚራባው ሕያው ሴል ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጭሱ ሴሎቹን ሁሉ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ቫይረሱም መራቢያ ባጣ ነበር። ጭሱ ግን አብዛኞቹን በሕይወት ትቶ መከላከያቸውን ይነጥቃል።

በሽፋኑ ላይ ባለሲሊያ ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሴል ከ6 እስከ 7 ማይክሮሜትር የሚረዝሙ 200 ያህል ጸጉር መሳይ ሲሊያዎች ሲኖሩት፣ እነዚህ በሴኮንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ ይቀዝፋሉ። ጎብሌት የሚባሉት ሴሎች ንፍጥ ያመነጫሉ፤ ከሥር ያሉት ቤዛል ሴሎች የሞተውን ይተካሉ። አቧራም ቫይረስም ንፍጡ ላይ ተጣብቆ በደቂቃ ጥቂት ሚሊሜትር እየተገፋ ይወጣል።

በጭሱ ውስጥ ካሉት ከ7000 በላይ ኬሚካሎች መካከል አክሮሊን፣ ፎርማልዴሃይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይህን ቅዝፊያ ያዳክማሉ። ለረጅም ጊዜ ባጨሰ ሰው ሲሊያዎቹ ያጥራሉ፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል፤ ጎብሌት ሴሎች ደግሞ ይበዛሉ። ክሎራይድንና ውሃን ወደ ሽፋኑ ገጽ የሚያወጣው ሲኤፍቲአር የተባለው ፕሮቲንም ስለሚዳከም ንፍጡ ውሃ አጥቶ ይወፍራል። የአጫሽ የጠዋት ሳል የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሲሊያዎቹ ሌሊቱን ማውጣት ያቃታቸውን አክታ ሳሉ በኃይል ይገፋዋል። ሴሎችን ጎን ለጎን የሚያጣብቁት ማያያዣዎችም ይላላሉ። ጉዳቱ ሲደጋገም ቤዛል ሴሎቹ በባለሲሊያ ፋንታ ጠፍጣፋ፣ ቅርፊት መሳይ ሴሎችን መተካት ይጀምራሉ።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ግን ዓይን የማያየው የኢንተርፌሮን ጉዳይ ነው። በቫይረስ የተያዘ ሴል የቫይረሱን የዘር ቁስ ለይቶ ኢንተርፌሮን ይለቃል። ምልክቱ የደረሳቸው ጎረቤት ሴሎች በመቶዎች የሚቆጠሩ መከላከያ ጂኖችን ከፍተው ቫይረሱ ሳይደርስባቸው ይዘጋጃሉ። ጭስ ይህን ከሁለት በኩል ይሰብረዋል። የተያዘው ሴል የሚለቀው ኢንተርፌሮን ያንሳል፤ በጎረቤቶቹ ላይ ያለው፣ ምልክቱን የሚቀበለው ፕሮቲንም ይቀንሳል። በዚህ መካከል ቫይረሱ ከሴል ወደ ሴል ያለ ከልካይ ይሻገራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የሎስ አንጀለስ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከማያጨሱ ሰዎች የተወሰዱ የአየር ቧንቧ ሴሎች በቀን ለ3 ደቂቃ፣ ለ4 ቀናት ጭስ ከደረሳቸው በኋላ የኮቪድ-19 ቫይረስ ተደረገባቸው። የተያዙት ሴሎች ቁጥር ጭስ ካልነካቸው ጋር ሲነጻጸር ከ2 እስከ 3 እጥፍ ሆነ። ኢንተርፌሮን ሲጨመርላቸው ግን ጭሱ ያመጣው ጭማሪ ጠፋ።

እንዲህ ያለው ሙከራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሴሎቹ ቀዳዳማ ስስ ወረቀት መሰል ሽፋን ላይ ይዘራሉ፤ ከላይ ያለው ፈሳሽ ተወግዶ ምግባቸውን ከሥር እየወሰዱ ከላይ ለአየር ተጋልጠው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆያሉ። ሲሊያና ንፍጥ የሚያወጡት ያኔ ነው። ማጨሻ ማሽኑ በተለመደው መለኪያ በየ60 ሴኮንዱ፣ ለ2 ሴኮንድ 35 ሚሊ ሊትር ጭስ ይስባል። ብዙ ጊዜ የሚሳተው መጠኑ ነው። ጭስ ሲበዛ ሴሎቹ ይሞታሉ፣ ቫይረሱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሕያው ሴሎችን ያልቆጠረ ተመራማሪ ጭሱ ከቫይረስ የሚከላከል ሊመስለው ይችላል። ጭሱን በፈሳሽ አሟሙቶ መጠቀም ቀላል ቢሆንም በጋዝ መልክ ያለው ክፍል በከፊል ያመልጣል።

በሰዎች ላይ የታየውም ከዚህ ጋር ይስማማል። 336 ጤነኛ ወጣቶች ባሉበት የእስራኤል ጦር ክፍል በኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ወቅት ከአጫሾቹ 68.5 በመቶ፣ ከማያጨሱት 47.2 በመቶ ታመዋል። አልጋ የያዙ ወይም ከሥራ የቀሩት ደግሞ 50.6 እና 30.1 በመቶ ነበሩ። ሁሉም ወጣትና ጤነኛ ስለነበሩ ልዩነቱን በእርጅና ወይም በቆየ የሳንባ በሽታ ማሳበብ አይቻልም። የሌላ ሰው ጭስ የሚተነፍሱ ሕፃናትም የታችኛውን የአየር ቧንቧ የሚያጠቁ ኢንፌክሽኖች ይበዙባቸዋል።

ማጨስ ሲቆም ሲሊያዎቹ ማገገም ይጀምራሉ፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠርም ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የአንዳንዱ ሰው ሳል ይብስበታል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ማቆማቸው የጎዳቸው መስሏቸው ወደ ሲጋራ ይመለሳሉ፤ ሳሉን የሚያባብሰው ግን ሲሊያዎቹ እንደገና መቅዘፍ ጀምረው ተጠራቅሞ የኖረውን ንፍጥ ወደ ላይ ማውጣታቸው ሊሆን ይችላል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት ወይም ሳምንታት አልፈውም የማይሻለው ሳል ከሆነ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።