የዛር ቤት፣ ጠበልና ሆስፒታል፦ የአእምሮ ሕመም በጎንደር

በጎንደር የአእምሮ ሕመምተኛ በሦስት ደጅ ይወሰዳል፦ ዛር ቤት፣ ጠበልና ሆስፒታል። ሦስቱ አጥብቀው የሚለያዩት «ዳነ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ዛር፣ እንደ አፈ ታሪኩ፣ የሔዋን ልጅ ነው። ሔዋን ከ30 ልጆቿ ያማሩትን 15ቱን ከፈጣሪ ብትደብቃቸው እንደተደበቁ ቀሩ ይባላል። ዛር የሰፈረበት ሰው «ፈረስ» ነው።

ስለ ጎንደር ዛር በብዛት የተጻፈው ከአንድ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጣልያን ቆንስላ ግቢ ሰፍሮ አምስት ወር ገደማ ጎንደር ቆየ። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ፣ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ እያስተረጎሙለት፣ መልካም አየሁ ከሚባሉ ባለዛር ቤት ደጅ ጠና። ቡናው ይፈላል፣ እጣኑ ይጤሳል፤ ከበሮው ሲጠና በሽተኛዋ አንገቷን እያሽከረከረች ጉሪ (የዛር ውዝዋዜ) ትላለች። ባለዛሯ «ማን ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ወንድ ዛር ከሆነ ሴትዮዋ «አንተ» ትባላለች፣ ትፎክራለችም። ሰይፉ ጨንገር ለተባለው ዛር በሬ ሲታረድ ሌሪስ በዓይኑ አይቷል፤ የመሥዋዕት ወጪ ከኪሱ መሸፈኑንም አልደበቀም። (ከፍሎ ያየ ተመልካች መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን «የሚኖሩት ቴአትር» ብሎታል። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ የጎንደርን ዛር ቤት ከቡድን ሕክምና ጋር አመሳስሎ ጻፈ። የትኛው ልክ እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል።

ዛር አይወጣም፣ ይለመናል። የሚወደው እየቀረበለት ይታረቃል፤ በሽተኛዋም የማኅበሩ አባል ሆና ትቀራለች። በትሪለር ፊልም ከአእምሮ ሆስፒታል «ድነሃል» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ቤቱ ሲገባ ተመልካቹ ይጨነቃል፤ በዛር ቤት ግን እንዲህ ያለ ታሪክ አይጀመርም፤ የሚሰናበት የለምና።

ቤተ ክርስቲያን ዛርን ታወግዛለች። ጠበል በባዶ ሆድ፣ ማለዳ ነው፤ መንፈሱ ስሙን ተናግሮ «ለቅቄያለሁ» ካለ ተፈወሰ ይባላል።

የሆስፒታሉ ደጅ ዘግይቶ ተከፈተ። «አማኑኤል ገባ» ማለት አበደ ማለት እስኪሆን ድረስ የአገሪቱ የአእምሮ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ። እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተመሠረተውና የአገራችን የሕዝብ ጤና ትምህርት አውራ የሆነው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን፣ ከዚያው ከአማኑኤል ጋር ተባብሮ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኗል። እዚህ ደግሞ ተሻለው የተባለ ሰው ከክትትል አይወጣም፦ የቀጠሮ ቀን ተጽፎለት፣ ኪኒኑን ይዞ ወይም በወር አንዴ መርፌውን እየተወጋ፣ ከአስታማሚው ጋር ይመላለሳል። ኪኒኑን በጠበል የሚውጥም አለ።