ስለ ጄኔራል መሐመድ አሊ ሳማተር የሚባለውና እውነታው

ካራማራ ሲነሣ ሁሉም የሚጠራው ዚያድ ባሬን ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሶማሊያ መከላከያ ሚኒስትር የነበረውን ሳማተርን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው፤ ከሚነገረውም ብዙው ልክ አይደለም። (ከአንድ ቦታ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የዚያድ ባሬ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ ተሾመ።»

አልነበረም። ዚያድ ባሬ ከመሬሃን ጎሳ ነው፤ የኪስማዮው ሳማተር ደግሞ ከቱማል። ቱማሎች ብረት ሠሪዎች ናቸው፤ ሌላው ሶማሌ ልጁን አይድርላቸውም ነበር። እኛ አገር ቀጥቃጭ ምን እየተባለ እንደኖረ የሚያውቅ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጣሊያንና ሶቪየት ኅብረት የተማረ መኮንን መሆኑ ረድቶታል፤ በእኔ ግምት ግን ወንበሩን ያጸናለት ከኋላው የሚሰለፍ ትልቅ ጎሳ ማጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ጄኔራል አለቃውን እንቅልፍ አይነሳም።

«የካራማራ ሽንፈት ከሥልጣን አወረደው።»

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች፤ ዚያድ ባሬም በአራተኛው ቀን ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። በወሩ፣ አብዛኞቹ የመጀርቲን ጎሳ የሆኑ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። ካመለጡት አንዱ አብዱላሂ ዩሱፍ በ2004 የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ሳማተር ግን ጭራሽ ከፍ አለ፤ በ1980ዎቹ አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንትና መከላከያ ሚኒስትር ነበር። በ1986 ዚያድ ባሬ በመኪና አደጋ ቆስሎ ሳዑዲ ሲታከም አገሩን የያዘውም እሱ ነው።

«ሐርጌሳ ስትደበደብ መከላከያ ሚኒስትሩ እሱ ነበር።»

በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። በ1988 ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን አማፂ ላለመርዳት ሲስማሙ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከትሞ ዚያድ ባሬን የሚወጋው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መሬት ጠበበውና ግንቦት ላይ ቡርኦንና ሐርጌሳን አጠቃ። የመንግሥት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ራሷን ሐርጌሳን ደበደቡ። ዛሬ መሃል ከተማው ላይ የቆመው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ነው።

«የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ፈረደበት።»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ሳማተር የዚያድ ባሬ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ኑሮውን ቨርጂኒያ አደረገ። በ2004 የማሰቃየትና የግድያ በደል ደረሰብን ያሉ ሶማሌዎች ከሰሱት፤ ክሱ የፍትሐ ብሔር ነው፣ እስር አያመጣም። እሱ በመንግሥት ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልከሰስም ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው የወሰኑት አንዲት ጠባብ ነጥብ ነበረች፦ የውጭ መንግሥታትን ከክስ የሚከልለው ሕግ ግለሰብ ባለሥልጣንን አይመለከትም። ጥፋተኛ ነው አላሉም። መዝገቡ ወደ ታች ተመለሰ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከለላ አይገባውም አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያን ጊዜ ሶማሊያ ውስጥ አሜሪካ ዕውቅና የሰጠችው መንግሥት አለመኖሩ ነው። ጥበቃ የሚጠይቅለት አልነበረም ማለት ነው። በ2012 ሳማተር ኃላፊነቱን ተቀብሎ ክርክሩን አቆመ፤ ፍርድ ቤቱም ለሰባት ከሳሾች 21 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደ። እሱ ግን ቀድሞ ኪሳራ አውጆ ነበር። በነሐሴ 2016 እዚያው ቨርጂኒያ ሞተ፤ አንድም ቀን አልታሰረም።