አሸዋ ውስጥ የገባች ኳስ፦ የሚወራውና እውነታው

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብለን ስልክ ላይ የጎልፍ ውድድር ስናይ፣ ኳሷ ባንከር ከገባች ክርክር አይቀርም። ባንከር ሜዳው ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራ የአሸዋ ጉድጓድ ነው። እንዴት እንደሚወጣ ሁሉም የሰማው ምክር አለው። ከምክሮቹ ብዙዎቹ ጀማሪን ያሳስታሉ።

«ኳሷን አጥርተህ ምታ!»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ገና ስንጫወት ያደግን ሰዎች ሩሯን ራሷን መምታት ነው የለመድነው። እዚህ ግን የሚመታው አሸዋው ነው። ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) አጠገብ ባለ ባንከር ዱላው ከኳሷ ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ አሸዋው ውስጥ ይገባል፤ በሥሯ ያልፋል። ኳሷን ተሸክሞ የሚያወጣት አሸዋው ነው። በቀጥታ ከተመታች ወይ ግሪኑን አልፋ ትሄዳለች፣ ወይ የባንከሩን ጠርዝ መትታ ትመለሳለች።

ይህን ለመለማመድ ኳስም አያስፈልግም። ለቤት ሥራ የተራገፈ አሸዋ ካለ ባለቤቱን አስፈቅዱና ጠጠሩን ልቀሙ። ደልድሉት፣ በጣት መስመር አስምሩ። መስመሩን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ ዱላውን ሰንዝሩ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ አሸዋው የተዛቀበትን ቦታ እዩ። ጉድጓዱ ከመስመሩ ብዙ ቀድሞ ከጀመረ ክብደታችሁ የኋላ እግር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። በቀኝ ለሚመታ ሰው ክብደቱ ወደ ግራ እግር ማድላት አለበት። መስመሩ ላይ ደጋግሞ ማረፍ እስኪመጣ ድረስ ኳስ አታስቀምጡ።

«ርቀቱ አጭር ስለሆነ ቀስ አድርገህ ነካ አድርጋት»

አሸዋ ጉልበት ይበላል። ፈርቶ መሃል ላይ ያቆመ ሰው ኳሷን እዚያው ያገኛታል። ሳትሰስቱ ሰንዝሩ፣ እስከ መጨረሻውም ጨርሱ።

«ሳንድ ዌጅ ስለታም ስለሆነ አሸዋውን ይቆርጣል»

እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ሳንድ ዌጅ ኳስን ከአሸዋ ማውጫ ዱላ ነው። ከታቹ ያለው ወፍራም ብረት ባውንስ ይባላል፤ ዱላው እንዳይቀበር የሚያንሸራትተው እሱ ነው። አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ጂን ሳራዘን ከዱላው ሥር ብረት ጨምሮ ይህን ቅርጽ አስተካከለ፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ብሪቲሽ ኦፕን የተባለውን ውድድር ሲያሸንፍም ይዞት ነበር። ባውንሱ እንዲሠራ የዱላውን ፊት (ኳሷን የሚመታውን ጎን) መጀመሪያ ወደ ሰማይ ከፈት አድርጉ፣ ከዚያ እጀታውን ጨብጡ። ጨብጣችሁ አንጓችሁን ብታዞሩ ግን ስትመቱ ተመልሶ ይዘጋል።

«ፊቱን ሁልጊዜ ክፈት»

ይሄም አይሠራም። ኳሷ ግማሽ አካሏ ከተቀበረ ፊቱን ቀጥ አድርጉ። ብዙ እንደምትንከባለል ግን አስቡበት። በክረምት ዝናብ የጠጣ አሸዋ ላይም መክፈቱን ቀንሱ። እርጥብ አሸዋ ጠንካራ ስለሆነ ባውንሱ ይነጥርና ዱላው ኳሷን ወገቧ ላይ ያገኛታል።

«ከመምታትህ በፊት አሸዋውን በዱላ ሞክረው»

በጭራሽ! በምት ብዛት በሚቆጠር ውድድር 2 ምት ያስቀጣል። ጥንካሬውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ስትቆሙ እግራችሁን አሸዋው ውስጥ ቀበር ማድረግ ይፈቀዳል። ቅጠልና ጠጠር ማንሳትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ይቻላል፤ ኳሷን እንዳታንቀሳቅሱ ብቻ ተጠንቀቁ።